ቦቃ ከኮምቦልቻ ወደ መካነ ሰላም

ሙሐሲን የእሳት አደጋ መኪናዋን መጀመሪያ ያያት ኮምቦልቻ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ዋርካ ሥር ቆማ ነው። መላ አካሏ ቀይ ነው፤ ኮፈኗ ብቻ ነጭ። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ላም ትመስላለች። ሰዉም ቦቃ ብሎ ነበር የሚጠራት።

ደስ አላለውም። ሳዑዲ አገር፣ ጂዛን፣ ስድስት ዓመት የውሃ ቦቴ ነድቷል። ከዚያ በለበሰው ልብስ ተጠርዞ መጥቶ፣ መካነ ሰላም እናቱ ቤት ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጧል። ለከተማው የእሳት አደጋ መኪና ሊመጣ ነው፣ ሹፌር ይፈለጋል ሲባል ተፈትኖ አለፈ። በልቡ የጠበቀው ግን የሚያብረቀርቅ አዲስ መኪና ነበር። ይቺ በዕድሜ እሱን ትበልጠዋለች።

የሚያስረክቡት ሹፌር ጋሽ ባህሩ ይባላሉ። ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ ሰው ናቸው።

«መካነ ሰላም ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ» አሉት። «ጠባይዋን ሳታውቅ ዳገት ላይ ብትቆምብህ ትጠላታለህ።»

በማግስቱ ጠዋት ሊነሱ ሲሉ ሙሐሲን ታንከሩን አንኳኳ። ሙሉ ነው።

«ጋሽ ባህሩ፣ አራት ሺህ ሊትር ተሸክመን ነው የጉጉፍቱን ዳገት የምንወጣው? እናፍስሰውና ቀለል ብሏት ትሂድ።»

«ባዶዋን ሄዳ አታውቅም» አሉና ጋቢና ገቡ።

ደሴን አልፈው ዳገቱን ሲያያዙት ቦቃ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ትሳብ ጀመር። ጋሽ ባህሩ ወሬ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። መኪናዋ ጀርመን አገር ተሠርታ፣ በመርከብ አሰብ የገባች ናት። ወደቡ ላይ የጥጥ መጋዘን ሲቃጠል ከመጠን በላይ ተጠግታ ኮፈኗን እሳት በላው። ጋራዡ ውስጥ የተገኘው ከሌላ መኪና የተፈታ ነጭ ኮፈን ብቻ ነበርና እሱን ገጠሙላት። በኋላ አለቆቹ ቀይ እናስቀባው ቢሉ ሠራተኞቹ እንቢ አሉ። እሳት ውስጥ ገብታ ያገኘችው ነው፣ ይቆይላት አሉ።

በሰማንያ ሦስት፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ ከአሰብ ስትወጣ ጋሽ ባህሩ የሃያ ሁለት ዓመት ረዳት ነበሩ። ጣሪያዋ ላይ፣ መሰላሏ ላይ፣ የቱቦው ሳጥን ውስጥ ሳይቀር ሰው ተጭኖ፣ ሰባ ሦስት ነፍስ ሆነው የአፋርን በረሃ በሦስት ቀን አቋረጡ። የጠጡት የታንከሯን ውሃ ነው።

«ዝገት ዝገት ይል ነበር» አሉ ጋሽ ባህሩ። «ሁለት የሚጠቡ ሕፃናት ነበሩ። ዛሬ ሁለቱም ልጅ አድርሰዋል። አንደኛዋ ደሴ ናት፣ በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች።»

ከጋቢናው ኪስ ጠርዙ የተበላ ደብተር አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ቦቃ የወጣችበት እሳት ሁሉ ቀኑና ቦታው ተጽፎበታል። ኮምቦልቻ የዳቦ ቤት፣ ሐርቡ የነዳጅ መኪና፣ ደጋን የመስጊድ ጣሪያ፣ ባቲ የገበያ ተራ። ከአንዳንዱ ጎን ‘ዘገየን’ ይላል። ከአንዳንዱ ጎን ደግሞ የሰው ስም ብቻ። ሙሐሲን መሪውን እንደያዘ በዓይኑ ሰረቅ ሰረቅ እያደረገ አነበበ። ስለ ውሃው ክብደት ዳግመኛ አላነሳም።

አቀስታ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ብርዱ ከደሴው ይብሳል። አፋቸው ላይ ትንሽ ነገር ጣል አድርገው ቶሎ ተነሱ፤ መካነ ሰላም አስር ሰዓት ላይ የከተማው ሰውና ተማሪው መንገድ ዳር ወጥቶ ሊቀበላቸው ቀጠሮ ነበር።

ከአቀስታ ወጥተው ብዙም ሳይርቁ በስተግራ፣ ከሜዳው ማዶ፣ ወፍራም ቢጫ ጭስ ታየ።

«ክምር ነው» አሉ ጋሽ ባህሩ።

ሙሐሲን ሰዓቱን አየ። መኪናዋ ከኮምቦልቻ መዝገብ ወጥታለች፣ መካነ ሰላም ግን ገና ርክክብ አልተፈረመባትም፤ በወረቀት የኮምቦልቻም የመካነ ሰላምም አይደለችም። ያሉበትም የሌላ ወረዳ፣ የለጋምቦ ነው። ይህን ሊናገር አፉን ሲከፍት እግሩ ፍሬን ላይ ነበር። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው። ጋሽ ባህሩ ሳይረኑን ከፈቱ።

መንደሯ ከአሥር የማትበልጥ የሣር ቤት ናት። ከቤቶቹ ፊት አምስት የገብስ ክምር ጎን ለጎን ቆሟል። ከወጥ ቤት የወጣ ፍም በንፋስ ተወስዶ ዳር ያለው ክምር ላይ አርፎ ኖሮ፣ ክምሩ ከሥሩ እስከ ጫፉ ይነዳል። ንፋሱ ነበልባሉን ወደ ሁለተኛው ይገፋዋል። ወንዱ አፈር በአካፋ ይበትናል፤ ሴቱ በእንስራና በጀሪካን ያለውን ውሃ ይደፋል። ሳይረኑን ሲሰሙ ሁሉም ቀጥ ብለው ቆሙ። እንዲህ ያለ መኪና ወደዚያ መንደር መጥቶ አያውቅም።

ጋሽ ባህሩ ከኋላ ፓምፑን ሲያስነሱ ሙሐሲን ቱቦውን ጎትቶ ሮጠ። ውሃው ሲመጣ ወደ ኋላ ሊጥለው ምንም አልቀረውም። እግሩን ተክሎ የቱቦውን አፍ የሚነደው ክምር ላይ አነጣጠረ። ውሃው ገብሱ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፣ እንፋሎት ሆኖ ወጣ፣ እሳቱ ግን በሌላ በኩል ፈንድቶ ብቅ አለ። ደግሞ ረጨበት። ያው ነው።

አንዲት ሴት ከጎኑ መጥተው ክንዱን ያዙት። ሻሻቸው ጥቀርሻ ለብሷል። እትዬ ሀሊማ እንደሚባሉ የሰማው በኋላ ነው።

«ልጄ፣ የሚነደው የኔ ነው» አሉት። «የኔስ አልቋል። ውሃህን እነዚያ ላይ አድርገው።»

«አጠፋዋለሁ እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።»

«አታጠፋውም። ንፋሱን አታይም? የጎረቤቴ የእነ በላይ ክምር መጨስ ጀምሯል። ከዚያ ወዲያ ቤት ነው፣ ልጆች ናቸው።»

ሙሐሲን ዞር ብሎ ጋሽ ባህሩን አያቸው። እጃቸው መክፈቻው ላይ ነው፣ ዓይናቸው እሱ ላይ። አድርግም አታድርግም አላሉትም። በቱቦው ውስጥ የሚሄደውን ውሃ እያሰበ፣ ስንት እንደቀረ ሳያውቅ፣ የሴትየዋን ክምር ለእሳቱ ተወለትና ውሃውን ወደ ሁለተኛው መለሰው። ጫፉን አራሰው፣ ጎኑን አራሰው፤ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን፣ የቅርቡንም ቤት ጣሪያ አራሰ። ደቂቃዎቹ አጭር ነበሩ። ቱቦው እጁ ላይ ተንፈራግጦ ላላ፣ አየር ተፋ፣ ባዶ ሆነ።

የቀረውን የሠራው መንደሩ ነው። የሚበሩትን ፍሞች በእርጥብ ቅጠል እየመቱ፣ አፈር እየበተኑ፣ ንፋሱ እስኪረግብ ያዙት። አራቱ ክምርና ቤቶቹ በሙሉ ተረፉ። የእትዬ ሀሊማ ገብስ ግን ክብ አመድ ሆኖ ቀረ።

እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «አልሃምዱሊላህ» ይላሉ። ሙሐሲን ሄዶ ፊታቸው ቆመ። ባላቸው ከሞቱ አራት ዓመት መሆኑን፣ ልጃቸው ፈርሂያ ጂዳ ሰው ቤት እንደምትሠራ፣ እርሻውን በየተራ የሚያርሱላቸው ጎረቤቶቻቸው እንደሆኑ አሁን ሰምቷል።

«እትዬ፣ አፉ በሉኝ» አለ።

«ምን አጥፍተህ?»

«የርስዎን ትቼ የሌላ ሰው አተረፍኩ።»

«ተው ያልኩህ እኔ ነኝ። ስማኝ ልጄ፣ እዚህ አገር እሳት ሲነሳ የምንጠራው እርስ በርሳችንን ነው። ዛሬ ሳንጠራው የመጣልን ሰው አየሁ። የዓመቱ እንጀራዬ ሄዷል፣ አልዋሽህም ከፍቶኛል። ግን በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። ሁለቱንም ባንድ ላይ ተቀበለኝ።»

ሙሐሲን ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ።

በላይ የሚባለው ጎረቤት፣ ቁመተ ረጅም ሰው፣ ክምሩን ዞሮ ካየ በኋላ ወደ ሰዉ መጣ። «ከየክምራችን ለሀሊማ እናወጣለን» አለ። «አሁኑኑ። ዛሬ ልባችን እንደሞቀ ካላወጣን ነገ እጃችን ይከብዳል።»

አንዱ ሳቀ፤ ማንም ግን አልተቃወመም። ነዶውን በትከሻ እያመጡ እትዬ ሀሊማ ደጅ መከመር ጀመሩ። ጋሽ ባህሩ ጃኬታቸውን አውልቀው አብረው ተሸከሙ። ሙሐሲንም ተሸከመ። አዲሱ ክምር የተቃጠለውን ግማሽ ቢያህል ነው። እትዬ ሀሊማ አጠገቡ ቆመው እያንዳንዱን ሰው በስሙ እየጠሩ መረቁ።

«አብሽሪ ሀሊማ፣ ዘንድሮን ትወጫታለሽ» አላቸው በላይ።

ጋሽ ባህሩ መኪናዋን ሊያስነሱ ሲሄዱ ሴቶቹ ከለከሏቸው። ታንከሩ ባዶ መሆኑን አይተዋል። አህያው ሁሉ ተጫነ፤ ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ በጀሪካን ውሃ ሲመላለስ ዋለ። መንገዱ ቁልቁለት ሲወርድ ቀላል ነው፣ ሲመለስ ግን ጉልበት ይፈታል። ተዉ፣ አቀስታ ሄደን እንቀዳለን ቢባሉ አልሰሙም። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል የታንከሩ አፍ ላይ ውሃ ታየ። አንድ ሸህ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። ሁለቱ ሹፌሮች እዚያው በላይ ቤት አደሩ።

መካነ ሰላም የገቡት በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። መንገድ ዳር የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቹ ትናንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆመው ወደየቤታቸው ሄደዋል። ቢሮ የነበረችው ራሄል ናት፤ የንብረት ክፍል ኃላፊ። ወጥታ መኪናዋን ዞራ አየቻት። ጎኗ በጭቃና በጥላሸት ተለቅልቋል።

«ቅጹ ላይ ‘የዘገየበት ምክንያት’ የሚል ቦታ አለ» አለች እስክሪብቶዋን እያወጣች። «ምን ብዬ ልጻፍ ጋሽ ባህሩ?»

«ሥራ ላይ ነበረች ብለሽ ጻፊ።»

ራሄል ሁለቱንም አየቻቸው። የሙሐሲን ቅንድብ በእሳት ተለብልቧል። ሌላ ጥያቄ ሳትጨምር ያሉትን ጻፈችና ፈረመች። ጋሽ ባህሩ ደብተሩን ለሙሐሲን ሰጡት። የመጨረሻው መስመር ላይ ቀኑን ጽፈው፣ ቀጥሎ ‘ለጋምቦ፣ አራት ክምር ተረፈ፣ አንድ ሄደ’ ብለዋል። ከጎኑ ‘ሀሊማ’ የሚል ስም አለ።

«ያልተረፈውንም መጻፍ አለብኝ?» አለ ሙሐሲን።

«እሱን ይበልጥ።»

መናኸሪያ ድረስ ሸኛቸው። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ከትናንት ጀምሮ ሆዱ ውስጥ የነበረውን ተናገረ። «ጋሽ ባህሩ፣ ትናንት ምን እንደማደርግ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። ባለመንገርዎ አመሰግናለሁ።» እሳቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «እኔን ደሞ ቦቃን ሳልሰናበታት እንዳልሄድ አደረግኸኝ፤ ሥራ ላይ ነው የተሰናበትኳት» አሉት።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ሙሐሲን ግቢው ውስጥ ቱቦ ሲያደርቅ እትዬ ሀሊማን በር ላይ ቆመው አያቸው። ለዓይናቸው ሆስፒታል መጥተው፣ እግረ መንገዳቸውን እሱን እየጠየቁ ደርሰዋል። እጃቸው ላይ ተንቀሳቃሽ ስልክ አለ፤ ልጃቸው በምስል መስመር ላይ ናት።

«እንካ፣ አንተን ካላየሁ ብላ ነው» አሉት።

ፈርሂያ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ተደግፋ ቆማለች። «ወንድሜ» አለች። ለእናቷ፣ ለመንደሩ፣ ለቤቱ ታመሰግነው ነበር፤ ቃሉ ግን እየተቆራረጠባት ነው። ሙሐሲን ጂዛን ሳለ ከአገር የሚደውልለት ሁሉ ስለ ቤት ጣጣ ይነግረው እንጂ ስለ እሱ የሚጠይቀው ሰው እንዳልነበረ ትዝ አለው።

«እኛ ደህና ነን እህቴ» አላት። «አንቺስ? ሥራው እንዴት ነው? እረፍት ይሰጡሻል? ትበያለሽ?»

ፈርሂያ ዓይኗን በእጇ ጠረገች። «አርብ አርብ እረፍት አለኝ» አለች። «ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም።» ከዚያ ብዙ አወራች፤ ስለ ሕንፃው፣ ስለ ሙቀቱ፣ አብራት ስለምትኖረው የወረኢሉ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ሠርታ ለመመለስ ስላሰበችው። እሱ ጂዛን ያለፈበትን ሁሉ እያስታወሰ፣ ምን መጠንቀቅ እንዳለባት እየነገራት አብሯት ቆየ።

እትዬ ሀሊማ የቱቦው ሳጥን ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። ልጃቸው ስትስቅ ሲሰሙ ቀና አሉ።