የማይደፋ ውሃ

ይስማው እንደዚያ ቀን ተናዶ አያውቅም። ደግሞስ ባይናደድ ነው የሚገርመው! ባሕር ዳር የሚሠራበት ሆቴል ሲፈርስ የደረሰውን የሙቅ ውሃ ገንዳ፣ ከተሜው ጃኩዚ የሚለውን፣ በአይሱዙ አስጭኖ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ድረስ ያመጣው ለጌጥ አይደለም። ቁርጥማት ጉልበቱን ይዞ አላስነሳ ቢለው ነው። ማታ ማታ ተነክሮበት ካልወጣ፣ ጠዋት ከአልጋ የሚያወርደው ሰው ያስፈልገዋል።

ባሕር ዳር የገንዳው ጠላት ሙቀት ነበር፤ ውሃው ቶሎ አረንጓዴ ይለብሳል። ጋይንት ግን ሌላ አገር ነው። እዚህ የኅዳር ውርጭ ባቄላውን አቃጥሎ ሲያበቃ ወደ ቧንቧ ይዞራል። ማሞቂያው እስከሠራ ድረስ ግድ የለም፤ መብራት ከሄደ ግን ውሃው ሳይመሽ መደፋት አለበት። አለዚያ ቱቦው ውስጥ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ለዚህ ገንዳ የሚሆን ቱቦ ደግሞ እንኳን ነፋስ መውጫ፣ ደብረ ታቦርም የለ።

ያን ቀን መብራት በጠዋት ሄደ። ሚስቱ የትናየት ግን አይደፋም አለች።

ነገሩን ያመጣው ራሱ ነው። ገንዳው የተተከለ ሰሞን የነፍስ አባታቸውን ቄስ ወልደ ገብርኤልን ቤቱን ይባርኩልን ብሎ ጠራቸው። እሳቸውም ጸሎት አድርሰው ቤቱንም፣ ሰዉንም፣ ገንዳውንም ጠበል ረጭተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የትናየት ዘንድ ገንዳው ጠበል ነው። ጉልበቴን ያሻለው ሙቀቱ ነው ቢላት አትሰማም።

"ጠበል እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም" አለችው ነጠላዋን እያጣፋች። "ማኅበሬን ደርሼ ልምጣና በባልዲ እየቀዳሁ ሰው የማይደርስበት ጥግ አፈሰዋለሁ።"

"አንቺ ጠላሽን እስክትጠጪ ውርጩ ይጠብቅሻል?"

"እሱ ያውቃል። ብቻ እንዳትነካው።"

እንዳትነካው! በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት አለ ሰውዬው። እሷ ምን ቸገራት፣ ጠዋት ስትነሳ የሷ ጉልበት አይጮህም። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ብርዱ ጆሮ መቆንጠጥ ጀመረ፤ የትናየት የለችም። ይስማው ብግን ብሎ መውረጃውን ነቀለው። ውሃው ግቢውን አልፎ በበሩ ሥር ወጣና መንገዱን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ቱቦው ተረፈ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ስትመጣ የሚላትን አዘጋጀ።

የትናየት ከማኅበርተኞቿ ጋር ዳገቱን ስትወጣ አያት። ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ከኋላዋ እማማ ንግስት፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ እንደዚያው። ሌሎቹም እንደዚያው። በዚያ ብርድ በባዶ እግራቸው፣ ዳር ዳሩን እየመረጡ ይወጣሉ።



"ምን ሆናችሁ ነው በዚህ ብርድ?"

"ታዲያ ጠበሉን በጫማ ልንረግጠው ኖሯል?" አለችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

ገንዳው ገና ተንጠፍጥፎ አላለቀም፤ ከታች ደግሞ ከብት የሚነዱ ሰዎች ወደ ውሃው እየመጡ ነው።

"እና ቱቦው ይሰንጠቅ ነበር? ሰው እኮ ታሳብዳላችሁ!" እያለ ይስማው ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲውንም። ጭቃውን ገና ሲረግጠው ብርዱ እስከ ጉልበቱ ወጋው። ዶማ አንስቶ፣ ሚስቱንም ቄሱንም ውርጩንም እየረገመ፣ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ወደ አጥሩ ጥግ የሚመልስ ቦይ ይቆፍር ጀመር።