ከእንሰቱ መሀል የቆመው ሰው

«ይበለው አይባልም፤ ብቻ ለቅሶ ብድር ነው» አለች መሰለች፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት። ያንሾካሾከች መስሏታል፤ የለቅሶው ድንኳን ጭር ብሎ ስለነበር ግን ቃሏ ከዓለምዘውድ ጆሮ ገባ። «እናቴ የሞተች ጊዜ ደጃችንን ረግጧል? አንድ አጥር እየለየን!»

ዓለምዘውድ ያዘቀዘቀችውን ነጠላ ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ባሏ ልብስ ሰፊው ካሳሁን ትናንት ነው የተቀበረው። የጃንሆይ ልደት በመጣ ቁጥር የቡታጅራን ተማሪ የሚያለብሰው እሱ ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ወንድ ድንኳኑን አልረገጠም። የመጡት ሴቶችም ለሷ ብለው ነው፤ ለሱ የመጣ የለም። ሆድ ይብሳል እንጂ ምን ይባላል!

እሱ የሰው ለቅሶ የማይደርስበትን ምክንያት ታውቀዋለች። ግን ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል።

ከልጅነቱ አንገቱ ሳያዘው ይሰበቃል። ሰዉ ኩራት ይለዋል። ከጉሮሮውም «ህእ!» የሚል ድምፅ ያመልጠዋል። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተው፣ አልቃሿ አረፍ ብላ ሁሉም ጸጥ ባለበት ያ ድምፅ ደጋግሞ ወጣ። «ባባቱ ሬሳ ላይ ይስቃል!» ብለው አጎቱ በጥፊ አጋዩት። ከዚያ ሰይጣን ነው ተብሎ በጭስ ታፈነ፣ ከጠበል ጠበል ተንከራተተ። ልብስ ስፌት የመረጠውም መኪናው ሲንኳኳ ድምፁን ስለሚሸፍንለት ነው።

«ማስነጠስ ሲመጣብሽ አስቢው» ይላት ነበር። «ብትይዢው አይቀርልሽም። ያቺን ድምፅ አትውጪ ባልኳት ቁጥር ይብስባታል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ያ ጸጥታ! አደራሽን፣ ለሰው እንዳትነግሪ። ዛር አለበት ብለው ጨርቃቸውን ሌላ ሰፊ ዘንድ ይወስዱብኛል።»

መኪናው ቆሞ ያ ድምፅ ሲያመልጠው፣ እሷ መደቡን በጣቷ ኳ ኳ ታደርግለታለች። ምንም አይደል ማለቷ ነው። እሱም አፍሮ ፈገግ ይላል።

በዚህ መሀል ጨው ነጋዴው ሙስተፋ ጎንበስ ብሎ ወደ ድንኳኑ ገባ፤ የመጀመሪያው ወንድ ነው።

«እትዬ ዓለምዘውድ፣ አላህ ያጥናሽ። አንድ ነገር ይከነክነኛል። አባቴ የሞተ ጊዜ ካሳሁን እንሰታችን መሀል ቆሞ፣ አፉን በጋቢው ይዞ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ግባ ብለው ሮጠ። ምን በድለነው ነው?»

መሰለች ዓይኗ ፈጠጠ። «በናቴ ሰልስት እኛም እንሰቱ ሥር የሰው ዱካ አግኝተን... ሌባ ነው ብለን ነበር እኮ!»

ዓለምዘውድ አንዱን ካንዱ አየች። ካሁን በኋላ ጨርቁን የሚነፍገው ማን አለ? መሐላዋን አፈረሰች።

«ድምፅ ያመልጠዋል። ከልጅነቱ። አውቆም አይደለም፣ ሰይጣንም አይደለም። ለቅሷችሁን እንዳልረብሽ ብሎ አይገባም እንጂ ያልቆመበት የለቅሶ ቤት ጓሮ የለም።»

«ውይ ካሳሁን! ውይ ወንድሜ!» መሰለች ደረቷን ደቃች። ሙስተፋ ዓይኑን እየጠረገ ለወንዶቹ ሊነግር ወደ ገበያው ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እንደለበሱ መጡ፤ ድንኳኑ ሞላ። ተለቀሰለት፣ እንደ ሰው ተለቀሰለት። ከዚያ ሁሉም ደክሞት ጸጥ አለ። ካሳሁን ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ጸጥታ ነው።

ዓለምዘውድ እጇን ከነጠላዋ አወጣች። የተቀመጠችበትን አግዳሚ በጣቷ ኳ ኳ አደረገችና ጆሮዋን ሰጠች።