ማስረሻ ያልጨበጠው እጅ

የሰደበኝ ማስረሻ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ኅዳር ሚካኤልን ባከበርንበት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ። ማስረሻ የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ ነው፤ ያዘዘንን እንሠራለን፣ ያስቀመጠን ቦታ እንቀመጣለን። ዳቦውን ላድል ተነስቼ መጀመሪያ ሰላም ልለው እጄን ዘረጋሁ። መዳፌን አልፎ አንጓዬን ያዘ። ሰው እጁ እርጥብ ወይም ወጥ የነካው ሲሆን አንጓውን ይሰጣል፤ እኔ ግን ታጥቤ ነበር። ከዚያ ጮክ ብሎ፣

«ብዙነህ፣ አንተ ዳቦውን ተወው። ያ እጅ ሳምንቱን ሙሉ ውሻ ሲያሽ የከረመ ነው» አለ።

ሰው ሳቀ። ዓለምፀሐይ እንኳ፣ ያኔ ስትታመም ሆስፒታል ያመላለስኳት፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ማኅበር አልሄድኩም። ለምን ቀረህ ያለኝም የለም። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺን ቃል በገዛ አፉ እንዲመልሳት።

የምሠራው እዚህ ስዊድን፣ ሶለንቱና በሚባል ሰፈር፣ ዳጊስ በሚሉት የውሻ መዋያ ውስጥ ነው። ሰዎች ሥራ ሲሄዱ ውሾቻቸውን እኛ ዘንድ ያውሏቸዋል። ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው የተገኘው ይሄ ነው።

ውሻ መጫወት ሲፈልግ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን መሬት ያስነካል፣ ቂጡን ያነሳል። ና አባረኝ ማለቱ ነው። ትልቁ ለትንሹ ሆን ብሎ ይወድቅለታል። ሲያባርር የነበረው ዞሮ ይባረራል። ንክሻው ከበረታ የተነከሰው ይጮኻል፣ ሁሉም ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ውሃ እንደነካው ሰውነቱን አራግፎ እንደገና ይጀምራል። በቃ፣ አለቀ። አንዳንድ ቀን ሳያቸው እናደዳለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ማስረሻ ቆሟል። ገመድ ይዟል፤ ገመዱ ጫፍ ላይ ቡናማ ጸጉራም ውሻ አለ። ከኋላው ሴት ልጁ ሚካል።

«ናሌ ይባላል» አለችኝ ሚካል በስዊድንኛ። «ሌላ ውሻ አያውቅም። አባባ ሐበሻ እንዳያየን ብሎ ሲጨልም ብቻ ነው የሚያስወጣው።»

«ዝም በይ አንቺ!» አለ ማስረሻ በአማርኛ።

ከሚኖርበት ከኖርስቦሪ ተነስቶ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የመጣው የሚያውቀው ሰው እንዳያገኘው ነበር። ከውሻ ጋር መዋሌን እንጂ የት እንደምሠራ አያውቅም፤ መጥቶ እኔ ላይ ወደቀ።

አዲስ ውሻ አንድ ሳምንት ይሞከራል፤ ከሌሎቹ ካልተስማማ አንቀበለውም። ሚካል ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ቤታቸው ቀን ቀን ሰው የለም። ካልተቀበልነው ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር።

ናሌ ጨዋታ የሚባል አያውቅም። ሌሎቹ ደረታቸውን መሬት ሲያስነኩለት ሊዘሉበት መስሎት ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ያጓራል። ሁለት ሦስቴ ሞክረውት ተዉት። ጥግ ይዞ ሲያያቸው ይውላል። ያን ጥግ አውቀዋለሁ። ግን አላዘንኩለትም፤ የማስረሻ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሲክስተን የሚባለው ሽማግሌ ውሻ፣ ከእርጅናው የተነሳ ማንም የማያጫውተው፣ ሄዶ አጠገቡ ጀርባውን ሰጥቶት ተኛ። ብዙ ቆዩ። በኋላ ናሌ ተነሳና የፊት እግሮቹን ዘረጋ። ያልለመደበት ስለሆነ በአፍንጫው ሊደፋ ምንም አልቀረው። ሽማግሌው ትንሽ ሮጥ አለለት።

አለቃዬ ሊሴሎት በመስኮት አየቻቸው። «ምን ትላለህ? ይግባ?» አለችኝ።

አይሆንም ብላት ያበቃ ነበር። ይግባ አልኳት። ደግነት እንዳይመስላችሁ። ማስረሻ በየጠዋቱ መጥቶ ገመዱን ከእጁ ወደ እጄ እንዲያስረክብ ፈልጌ ነው።

አርብ ከሥራ በኋላ ሊወስደው መጣ። ውጭው ዝናብና ጨለማ ነው። ናሌ ዘሎ እጁን ላሰው።

«ብዙነህ ወንድሜ፣ ተቀበላችሁት አሉኝ። እግዜር ይስጥህ፤ ልጅቷ በልቅሶ ልታልቅብኝ ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብቻ ማኅበሩ እንዳይሰማ። ሙሴው ቤቱ ውስጥ ውሻ ያሳድራል ከተባለ እኮ ከእጄ ውሃ የሚቀበል የለም።»

«እኔን ያልከኝን ታስታውሳለህ?» አልኩት።

«ምን አልኩህ?»

«ኅዳር ሚካኤል፣ አዳራሹ ውስጥ።»

አሰበ። የእውነቱን ነው ያሰበው፤ ግንባሩ ሲሸበሸብ አየሁት። ምንም አላገኘም።

«እኔንጃ፣ ስንት ሰው ነበር። ተጫውቼ ይሆናላ! አንተ ደግሞ ጨዋታ አታውቅም እንዴ?» ሳቅ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ፤ ውሻው የላሰውን፣ መዳፉን ሙሉ። «በል አደራ። ለማንም አልናገርም በለኝ።»

የናሌን ገመድ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለትና ወደ ግቢው ዞርኩ።

«ብዙነህ! እሺ በለኝ እንጂ!»

ሄድኩ።