አሥራ ሁለት እርምጃ

ሐምዲያ ንፍሮ ስታቀርብለት ሂሻም እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ። የቀረበለት ሰሃን፣ ሰሃን አልነበረም።

«ኻልቲ፣» አላት መሠረትን፣ በዐረብኛ አክስቴ ማለቱ ነው፣ ዓይኑን ከንፍሮው ሳይነቅል። «ይሄ የአንተነህ ነው።»

መሠረት ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና አለች። ተገልብጦ ስንዴና ሽምብራ የተሞላበት ክብ ቢጫ ፕላስቲክ ነው። ባሏ አንተነህ ከሞተ ሦስት ቀኑ ነው፤ ሦስቱንም ቀን ስለዚያ ዕቃ ላለማሰብ ስትታገል ነበር። ይኸው በንፍሮ ተሞልቶ ለቀስተኛው መሀል ድረስ መጣባት!

ሐምዲያ ምን ታድርግ? በሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት፤ የጎረቤቷን ለቅሶ ስትሰማ ከአሠሪዎቿ ፈቃድ ለምና መጥታ ማጀቱን ይዛለች። የካርቱሙ ሳጃና ሰፈር ሐበሻ ተጠራርቶ ድንኳኑን ሲሞላው ሰሃን አልበቃ አለ። ከዘይቱ ጀሪካን ኋላ አንድ ነገር አገኘች፣ አጠበችው፣ ንፍሮ ሞላችበት።

«አፉ በይኝ እትዬ፣ እኔ እኮ የዕቃ ክዳን መስሎኝ ነው፣» አለች ደንግጣ።

ዕቃው መወርወሪያ ነው። አንተነህ ዲስክ ይለዋል፣ መሠረት ደግሞ «ያ ሰሃንህ»። አንተነህ ድሮ ደሴ የጂኦሜትሪ መምህር ነበር። በፖለቲካ ተሰድዶ ካርቱም ከገባ ወዲህ ያልሠራው ሥራ የለም፤ የመጨረሻው በአንድ የውጭ ሰዎች ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት መጠበቅ ነበር። እዚያ አንድ የስፖርት አስተማሪ አገሩ ሲገባ ዲስኮቹን ከነጨዋታው ትቶለት ሄደ። ጨዋታው ቀላል ነው። ከተመደበ ቦታ ቆመህ ትወረውራለህ፤ ከወደቀበት አንስተህ ትደግማለህ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ እስኪገባልህ ድረስ። በጥቂት ውርወራ ያስገባ አሸነፈ።

አንተነህ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ወርዶ የተጣሉ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከበሮዎችና ሰንሰለት ለቃቅሞ መጣ። ብየዳ ቤት ወስዶ ስድስት ቅርጫት አሠራና የሰፈሩን ፓርክ ዘበኛ አስፈቅዶ ኒም ዛፎቹ መሀል ተከላቸው። ፓርኩ የሁሉም ነው፤ ሻይ የምትሸጠው አለች፣ ኳስ የሚያባርረው አለ፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ቤተሰብ ምንጣፍ አንጥፎ ይውልበታል። ስለዚህ አንተነህ ሁለት ሕግ አወጣ፤ አንደኛ፣ አላፊ አግዳሚ ይቅደም። ሁለተኛ፣ ወርውረህ ስታበቃ ወደ ግራ ፈቀቅ በል፤ ተረኛ ከኋላህ አለ።

መሠረት ይህን ሁሉ የምታውቀው በወሬ ነው። ዓርብ በመጣ ቁጥር አንተነህ ጫማውን እያሰረ «ዛሬስ አትመጭም?» ይላታል።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ሽበትህ ሰሃን ስትወረውር ሰው ምን ይላል? ጭራሽ እኔንም ልትጨምር!»

ጉልበቷንም ታመካኛለች፤ እውነትም ያማታል። አምስት ዓመት ለመናት፣ አምስት ዓመት እምቢ አለች።

በመጨረሻው ሳምንት ሐኪሙ «ልብህ ደክሟልና ዕረፍ» አለው። ዕረፍ ቢሉት የሚያርፍ መስሏቸው! መሠረት ግን መላ መታች። ዓርብ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ቢጫውን ዲስክ ከከረጢቱ አውጥታ ከዘይቱ ጀሪካን ኋላ ሸሸገችው፤ ያለ ቢጫው አይጫወትማ። አንተነህ አልጋ ሥር አየ፣ ማጀት ገባ፣ ከማጀት ወጣ። አንዳች ቃል ሳይተነፍስ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ሄደ። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው «ደህና ዋይ» ሳይላት ወጥቶ አያውቅም ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። አራተኛው ቅርጫት ጋ ደረቱን ይዞ ተቀምጧል፤ የጨዋታ ጓደኛው ሂሻም በረክሻው፣ የኛ ሰዎች ባጃጅ በሚሉት፣ ሐኪም ቤት ሊያደርሰው ሲበር አንተነህ መንገድ ላይ አረፈ።

ከድንኳኑ ዳር ሁለት ሴቶች «ሰሃን ሲወረውር ነው አሉ የሞተው» ብለው ሲንሾካሾኩ ሰምታቸዋለች። እሱ እንኳ ብዙም አልከነከናትም። የሚያንገበግባት ሌላ ነው፤ ተቀይሞኝ ሞተ ብላለች። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሂሻም ዛሬ ሊያስተዛዝን ሲመጣም ልትጠይቀው ፈልጋ መልሱን ፈርታ አንገቷን ደፍታ ነበር።

አሁን ግን ሂሻም ንፍሮውን ወደ ሌላ ሰሃን ገልብጦ ዲስኩን በእጁ ይዟል።

«እኔ ነኝ የደበቅሁት፣» አለች መሠረት። «ፈልጎ ሲያጣው ደህና ዋይ እንኳ ሳይለኝ ወጣ። አብረኸው የነበርከው አንተ ነህ፤ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እውነቱን ንገረኝ። ምን አለ?»

ሂሻም ሱዳናዊ ቢሆንም ሳጃና ከሐበሻ ልጆች ጋር ስላደገ፣ ሰባራም ቢሆን አማርኛ አለው።

«ተቀየመ? ወላሂ ኻልቲ፣ ሲስቅ ነበር! ‹ቢጫው ከዘይት ኋላ ነው፣ አየሁት› አለኝ። ‹ታዲያ ለምን አላመጣህም?› አልኩት። ‹ካወጣሁት ታፍራለች› አለ። ‹ደህና ዋይ ልል አፌን ብከፍት ሳቄ ያመልጠኛል፣ ዝም ብዬ ወጣሁ። ስመለስ እነግራታለሁ› አለ።»

«ስመለስ እነግራታለሁ አለ?»

«አለ።»

ያኔ መሠረት እሪ አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ድምፅዋን አፍና እንባዋን ብቻ ስታፈስ የሰነበተች ሴት፣ ደረቷን እየደቃች «አንተ ሰውዬ! አንተ ሰውዬ!» ስትል ሴቶቹ ተረባርበው ያዟት። ሂሻም ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ እስክትበርድ ጠበቀ።

«ሌላም ነገር አለ፣» አለ ቆይቶ። «የመጀመሪያው ቅርጫት አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ሰው ይስቃል፣ የሕፃን ነው ይላል። ጀማሪ ሁሉ እዚያ ነው የሚጀምር፣ እኔም እዚያ ጀመርኩ። ሲለካው አብሬው ነበርኩ። ‹የመሠረት ጉልበት ከዚህ በላይ አይችልም፣ አንድ ቀን መምጣቷ አይቀርም› ብሎ ነው የተከለው።»

መሠረት ዲስኩን ተቀብላ የቀረችበትን አንዲት ሽምብራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ሰባቱ በወጣ ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ ከግቢ ስትወጣ ሐምዲያ ሮጣ ደረሰችባት።

«እትዬ፣ አርባው እንኳ ሳይወጣ ፓርክ? ሰው ምን ይላል?»

«ይበል!» አለችና የሂሻም ረክሻ ላይ ወጣች። ሐምዲያም አጉረምርማ አብራት ተሳፈረች።

ፓርኩ ውስጥ ሻይ ሻጯ ከበርጩማዋ ተነሥታ ሁለት እጇን ለዱዓ ዘረጋች። መሠረት እያነከሰች አንተነህ መቆሚያ ብሎ የቀበረው ንጣፍ ድንጋይ ላይ ወጣች። ቅርጫቱን አየችው፤ እውነትም ቅርብ ነው፤ ከዚህ ቅርብ ነገር አምስት ዓመት ቀርታ ነበር። ድስትና ምንጣፍ የተሸከመ ቤተሰብ በመሀል ሲያልፍ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ቀኝ ክንዷን ከነጠላው አውጥታ ወረወረች። ቢጫው ተንገዳግዶ መንገዱን እንኳ ሳያጋምስ ሣሩ ላይ ተኛ።

«ማሻአላህ! ጥሩ ነው ኻልቲ፣» አለ ሂሻም። «አሁን ሄደሽ ከወደቀበት ትደግሚያለሽ።»

«ቆይ፣» አለችው። «ተረኛ ከኋላዬ አለ።»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰችና ወደ ግራ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብላ ቦታውን ለቀቀች።