ሊጡ ያላፏጨ ዕለት

ሸፊቅ ጀሶውን በአውራ ጣቱ እየደመደመ የመዳቡን ጋን ክዳን ዙሪያውን መረገው። ጀሶ ፋታ አይሰጥም፤ እንጨት ሊያመጣ የወጣው ታላቅ ወንድሙ ነኽሌም ከአሁን አሁን ይመጣል። ሲጨርስ የነኽሌ ሚስት፣ ወዳድ፣ አቡክታ ያስቀመጠችውን ሊጥ አነሳና ጀሶው ላይ ስስ አድርጎ ለበጠው። ላየው ሰው ያው የአባታቸው ልማድ ነው፦ ጋኑ ይሞላል፣ ክዳኑ በሊጥ ይታሸጋል፣ እንስላሉ አንዴ ከወጣው አረቄ ጋር ተዋህዶ ያድራል፣ ጠዋት እሳት ይለኮስበትና ዳግም ይወጣል። በቤካ ሸለቆ ወይን ያለው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። አምናም ከሰዓት በኋላ አሽገው ጠዋት ሲመለስ፣ ሸፊቅ ሊጡን እርጥብ ሆኖ አገኘው። ያደረ ሊጥ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ያ ግን ገና አሁን የተቦካ ነበር። የወጣው አረቄ ደግሞ ቀጠነ፤ ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት እንደ ወትሮው እንደ ወተት አልነጣም። ሸፊቅ ማንንም አልጠየቀም። ሆዱ ከተተና ዓመቱን ሙሉ ሲያመነዥከው ከረመ። ጋኑ የአባታቸው ውርስ፣ የሁለቱም ነው፤ የሚያድረው ግን ነኽሌ ግቢ። በሌሊት ክዳኑን አንስቶ፣ ጠንካራውን ቀድቶ፣ በውሃ ቢተካው ማን ያያል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ዘንድሮ ታዲያ ቢጎድል እንዲታወቅ ብሎ ጋኑን እስከ አፉ ሞላው፤ የነካው እንዲታወቅ ብሎ ደግሞ በጀሶ አሸገው። ጠዋት ቀድሞ መጥቶ፣ ጀሶውን ሰባብሮ፣ በሊጥ ሊተካው ነበር ያሰበው።

ጠዋት ሲደርስ ግን እሳቱ ነድዷል።

"እንቅልፍህን ጨረስክ?" አለው ነኽሌ። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ሆዱም ሳቁም ትልቅ። ፍም ውስጥ ድንች ቀብሮ፣ የፕላስቲክ ወንበሩን ጋኑ አንገት ሥር አስጠግቶ ተቀምጧል። አባታቸው ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ነው።

ሸፊቅ ጎንበስ ብሎ ማሸጊያውን አየ። አልተነካም። ደስ ሊለው ሲገባ ይባስ ከነከነው፤ ነቅቶብኝ ይሆናል፣ አለ በልቡ። ለምን እንዲህ ማለዳ ለኮሰው? ለምንስ እኔን ሳይጠብቅ? አሁን ጀሶ ነው ብሎ መናገርማ ከየት ይጀመራል? አጠገቡ ተቀመጠ። ደግሞስ አጥብቆ ያሸገ ምን አጠፋ?

አረቄው ከጋኑ አንገት ከሚወጣው ቧንቧ ጫፍ ወደ ትልቁ ጠርሙስ ጠብ ጠብ ሲል ቆየና እየሳሳ ሄዶ ቀጥ አለ።

"እሳቱ ሰንፏል" አለ ነኽሌ፣ የወይራ ግንድ ጨመረበት። ጥቂት ጠብቆ ሌላ ጨመረ። ቧንቧው ጠብ አላለም።

"ተዘግቶ እንዳይሆን" አለ ሸፊቅ። ድምፁ ለራሱም ቀጠነበት።

"ቢዘጋ ሊጡ ይነግረን ነበር። አባባ ምን ይል ነበር? መዳብ ቂም ይይዛል፣ ሊጥ ግን ሲከፋው ወዲያው ያፏጫል።" ነኽሌ ይህን ብሎ ጆሮውን ወደ ማሸጊያው አስጠጋ። ደህና የሚሰማው በግራው ብቻ ስለሆነ ጉንጩ መዳቡን ሊነካ ምንም አልቀረው። "ዝም ብሏል። ሰላም ነው።"

ጋኑ ከሆዱ ውስጥ ገጭ የሚል ድምፅ አሰማ።

ጀሶ እንደ ሊጥ እንፋሎት አያሾልክም፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ ሸፊቅ ብቻ ነው። ብናገር ተዋረድኩ፣ ዝም ብል ወንድሜን ቀበርኩ። ነኽሌ አሁንም ጆሮውን እንደደቀነ ነው፤ ልክ እንደ አባታቸው፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

"ሊጥ አይደለም" አለ ሸፊቅ። "ሥሩ ጀሶ ነው። እኔ ነኝ የመረግሁት። ተነስ፣ ነኽሌ!"

ነኽሌ ቀና ብሎ አንድ ጊዜ አየው። አልጠየቀም። የሚነደውን ግንድ በጫማው እየገፋ ከጋኑ ሥር አወጣ፤ ሳህን ይዛ የምትመጣውን ወዳድን ተመለሺ ብሎ ጮኸባት፤ ከዚያ የሸፊቅን ክንድ ይዞ ከድንጋዩ አጥር ጀርባ ጎተተው። ገና ከማጎንበሳቸው የጋኑ አንገት ከብየዳው ተነቀለ። የፈላው አረቄ ከነእንስላሉ ተፈናጥሮ የነኽሌን ወንበር ገልብጦ ጣለው። ዶሮዎቹ በየፊናቸው ተበታተኑ፤ ሽታው መንደሩን ሞላው።

እንፋሎቱ ሲበርድ ነኽሌ የተነቀለውን ቧንቧ አነሳ። ውስጡ በእንስላል ፍሬ ተወጥሯል።

"እስከ አፉ ሞልተኸዋል፤ ሲፈላ ፍሬው ቧንቧው ውስጥ ገብቷል" አለ። "ለምን?"

ሸፊቅ መሬት መሬቱን እያየ ሁሉንም ተናገረ፤ የአምናውን እርጥብ ሊጥ፣ የቀጠነውን አረቄ፣ ዓመቱን ሙሉ ያመነዠከውን።

ወዳድ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ነበር። "ዶሮዎቹ ናቸው" አለች። "አምና ሳይመሽ ሊጡን ለቅመው ጨርሰውታል። እኔ ያየሁት ንጋት ላይ ነው። ክፍቱን ሲተን አድሯል፤ ሌላ አቡክቼ መረግሁት። ይሄ ሰውዬ ዶሮዎቼን እንዳያርድብኝ ብዬ ዝም አልኩ።"

ሸፊቅ ፊቷን አየ፤ ክፉ ልማድ ነውና ውሸት ፈለገበት። አጣ። ከዚያ ተኮማትሮ የወደቀውን ወንበር አየ።

"ዓመት ሙሉ ማዕዴ ላይ እየቀረብክ" አለ ነኽሌ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ "በሆድህ ሌባ ስትለኝ ከረምክ? ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?"



የጋኑን አንገት የዘሕሌ ከተማ መዳብ ሠሪ በየደው። እስከዚያ ነኽሌ ለሸፊቅ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አላወጣለትም። የተረፈውን አረቄ ሊያወጡ ዳግም ሲገናኙ ጋኑን የሞላው ነኽሌ ነው፣ ከአፉ በደንብ አጉድሎ። ክዳኑን በሊጥ የመረገው ሸፊቅ ሲሆን ወዳድ እፊቱ መጥታ ሊጡን በጥፍሯ እስከ መዳቡ ቧጠጠች፤ ሥሩ ሊጥ መሆኑን አይታ መልሳ ደፈነችው። ሸፊቅን እንደ ጩቤ ወጋው፤ ግን እውነቷን ነው።

ጠዋት እሳቱ ተያያዘ። ነኽሌ አዲስ ወንበር አምጥቶ እዚያው አንገቱ ሥር፣ የአባታቸው ቦታ ላይ አኖረው። እንጨት አስተካክሎ ሲዞር ሸፊቅ ተቀምጦበታል።

"ያ የኔ ቦታ ነው" አለ ነኽሌ።

"አውቃለሁ። ዛሬ የማዳምጠው እኔ ነኝ።"

ነኽሌ አየው፤ ይመነው አይመነው እንጃ። ከዚያ የፍም መኮርኮሪያውን ብረት አቀበለውና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሸፊቅ ወንበሩን ሳብ አደረገና ጆሮውን ወደ ሊጡ አስጠጋ።