ጾመኛው መላጊያ

የወርቅነሽ ነጠላ አግዳሚው ላይ ተያዘ። ሴትየዋ አልቅሳ፣ እንባዋን ጠርጋ፣ ልትሄድ ብድግ ስትል ከኋላዋ የሚጎትታት አገኘች። ሰው መስሏት ዞር አለችና፣ «ምነው?» አለች። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ለቀስተኛ ሁሉ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። የሚያለቅስም ነበር፤ የሚስቅም ነበር።

የሟቹ የሥራ ጓደኛ አብዱልወሀብ ተነሥቶ ነጠላውን ከስንጥሩ አላቀቀላት። ይህችን የእድር አግዳሚ ከነጉጧ ያውቃታል። ሰኞ ገበያ አካባቢ ሰው በሞተ ቁጥር ትመጣለች፤ በመጣች ቁጥር ከለቀስተኛው ልብስ ድርሻዋን ትወስዳለች። ሞላ በሕይወት ሳለ ለቅሶ ሲደርስ ሆን ብሎ ጉጡ ላይ ይቀመጥ ነበር፣ ሌላ ሰው እንዳይያዝ። አሁን ሟቹ ራሱ ሆነና ቦታው ባዶ ቀረ።

«ለአናጢ ለቅሶ እንኳ ደህና አግዳሚ ይጥፋ!» አለች ወርቅነሽ፣ የተመዘዘውን ክር እያየች።

«አናጢው ነው እምቢ ያለው። በአዲሱ መላጊያ ካልሆነ አልነካትም ብሎ።»

«የትኛው? ያ የማይልገው?»

«ያው እሱ» አለ አብዱልወሀብ።

ይሄኔ የአናጢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ጓድ ቀለሙ ገባ። ጓድ ቀለሙ በዕድሜው መዶሻ ያነሣው አንዴ ነው፤ ያን ጊዜም የመታው አውራ ጣቱን ነው። መሃል ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ ሞላ የተለየን የሩብ ዓመቱን የወንበር እቅድ ገና ሳናሟላ ነው። ቢሆንም ኀዘናችንን ወደ ምርት እንለውጣለን!» ብሎ ግራ እጁን ሲያነሣ፣ ጥግ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «አሜን» አሉ።

ንግግሩን ጨርሶ አብዱልወሀብ አጠገብ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ የፈረንጅ መላጊያ በሠልስቱ ወደ ማኅበሩ ይገባል። ሥራ የፈታ መሣሪያ ቤት ውስጥ አይቀመጥም።»

«የሚሠራ ቢሆንስ?»

«የሚሠራማ የግል ነው፤ ለሚስቱ ይቀራል። መመሪያው ግልጽ ነው። ይሄ ግን አይሠራም። አፉን በሞረድ ሰፋ አድርገን እንጠቀምበታለን።»

«አፉን ይስፋ ያለ ማነው?»

«አንተ ነሃ! ዓመት ሙሉ በየስብሰባው ማን ነበር? ሞላስ ራሱ 'እኔ ነኝ ያበላሸሁት' ብሎ የለ?»

እውነት ነበር።

መላጊያው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ሲተከል አንድ ፈረንጅ መካኒክ ሞላንና አብዱልወሀብን የመኖሪያ ቤቱን በር አሠራቸውና፣ ሲሄድ ሣጥን ሰጣቸው። ውስጡ ያልተገጣጠመ መላጊያ ነበር፦ ወፍራም ስለት፣ አንድ የብረት መሠረት፣ እንደ ጥርስ የሚናከሱ ሁለት ጎኖች፣ የነሐስ ብሎን። ፈረንጁ ጡረታ ስወጣ እሠራዋለሁ ብሎ ከአገር አገር ሲያዞረው የኖረ ነው። እንጨት አልነበረውም፤ ሆዱን በእንጨት የሚሞላው ሠሪው ነው። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ስለነበር ሞላ አጥፎ ከሚወዛወዝ ጠረጴዛ እግር ሥር ወተፈው። «ይኸው ጠቀመን» አለ።

ብረቱን ሁለቱ ተያይዘው ቀጠቀጡት። ወይራውን ከገበያ መርጦ ያመጣ አብዱልወሀብ ነው፤ «ወላሂ፣ ድንጋይ የመሰለ ደረቅ!» እያለ። ሞላ ሆዱን ሞላው፣ መያዣውን በራሱ መዳፍ ልክ ፈለፈለው፣ የስለቱን መውጫ አፍ ደግሞ ፀጉር በማታሳልፍ ጥበት ተወው። አፉ ከጠበበ ጉጥ እንኳ ሳይቦጨቅ ይላጋል ብሎ። ግን ገና በመጀመሪያው ግፊት መላጊያው እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ፤ አፉም ታነቀ።

«ጾመኛ ነው!» ብሎ ሳቀበት አብዱልወሀብ። «አፉን አይከፍትም። ሁዳዴ ይዞ ነው?»

«ረመዳን ነው» አለው ሞላ። «መግሪብ ጠብቅ፤ ያኔ ያፈጥራል።»

ሞረድ አላስነካውም። የተሞረደ ብረት ተመልሶ አይበቅልም ብሎ። አብዱልወሀብ ግን ፒያሳ ሻይ ቤት ሳይቀር፣ ሰው ባገኘ ቁጥር፣ የሞላን ጾመኛ አወራ። ሞላም አብሮ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ሥራ ሲይዙ እንደ ልማዳቸው ነበሩ፤ አንዱ የላገውን ስስ ፍቅፋቂ ቀና ሳይል ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ሌላው ተቀብሎ በብርሃን ያያል። ብርሃን ካሳለፈ ደህና፤ ካላሳለፈ ስድብ።

በማግስቱ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ የሞላ ሚስት አረጋሽ መላጊያውን በመቀነቷ ጠቅልላ ጓሮ አመጣችለት። ዓይኗ አብጧል። «አብዱ፣ ይሄ ከቤቴ እንዳይወጣ። እጁ ያለው እዚህ ላይ ነው።»

«አብሽሪ» አላት። ሞረዱን አነሣና ጫፉን አፉ ላይ አሳረፈ። ዓመት ሙሉ የተከራከረበትን ነገር አሁን የሚከለክለው ሰው የለም። ሞረዱን ግን አልገፋውም።

«ልትሞርደው ነው?» አለች።

«ሌላ መላ የለውም።»

አረጋሽ አጠገቡ ቁጭ አለች። «እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነበር። መላጊያው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ላይ ነበር። በየሳምንቱ አውርዶ ይዳስስና ገና ነው ይላል። ምኑ ስለው፣ 'ወይራው እርጥብ ነበር፤ ሲደርቅ ተጣሞ ስለቱን አላስተኛ አለው። መድረቁን ሲጨርስ አቃናዋለሁ። ለአብዱ እንዳትነግሪ፤ ምሎ ነው ያመጣው፣ ያፍራል' አለኝ።»

አብዱልወሀብ ሞረዱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ከዚያ የኩራዝ ጥላሸት አምጪልኝ አላት። የስለቱን ጀርባ ጥላሸት ቀብቶ እንጨቱ ላይ አጋደመውና መልሶ አነሣው። እንጨቱ መሃል ላይ ብቻ ጠቆረ። ያበጠው እዚያ ነው፤ ስለቱ አንድ እግሩ እንዳጠረ ወንበር ይናጥ የነበረው በእሱ ነው። የጠቆረውን በመሮ በስሱ ፋቀ፤ ደግሞ ቀባ፣ ደግሞ ፋቀ። ቀኑ ሲመሽ ጥላሸቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ያዘ። አፉን አልነካውም።

በሠልስቱ ከፍትሐት መልስ፣ ሰው ድንኳን ሳይገባ፣ አብዱልወሀብ አግዳሚዋን ደጅ አውጥቶ ተንበረከከባት። ጓድ ቀለሙ መላጊያውን ሊረከብ የማኅበሩን ማኅተም በኪሱ ይዞ ደረሰ።

«ሠልስት ነው ዛሬ፣ ጓድ አብዱልወሀብ።»

«መግሪብ ነው» አለ አብዱልወሀብ።

«ኧረ ገና ጠዋት ነው!»

አብዱልወሀብ መያዣውን ጨበጠ፤ ለሌላ መዳፍ የተፈለፈለ ነውና ጣቶቹ ቦታቸውን እስኪያገኙ ጥቂት ፈለጉ። ገፋ። መላጊያው አልተንቀጠቀጠም። ጉጡ ላይ ሲደርስ አልቆመም፤ ሐር እንደሚቀደድ ያለ ድምፅ ብቻ አሰማና አለፈ። ካፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ ሳይበጠስ እየተጠቀለለ ወጣ። ጓድ ቀለሙ እጁን ከኪሱ አወጣ፣ ባዶውን።

አብዱልወሀብ ፍቅፋቂውን በሁለት ጣቱ ያዘና፣ ዓይኑን ከአግዳሚው ሳያነሣ፣ ወደ ጎን ዘረጋው።

የሚቀበለው ሞላ አልነበረም።

አረጋሽ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ፍቅፋቂውን ከጣቱ ወሰደችና ወደ ፀሐይ ቀና አድርጋ አየችበት። የአብዱልወሀብ እጅ ግን ገና እንደተዘረጋ ነበር።