በማሽኑ ላይ የወደቀ ግዝት

ታላቅ ወንድሜ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ሦስት የሲቲ ስካን ፎቶ በነጠላ ጠቅልለው ሰቆጣ ቤቴ የመጡት ሰኔ ላይ ነው። ሦስቱም የልጃቸው የእስከዳር ጭንቅላት ናቸው። ልጅቱ አሥር ዓመቷ ነው፤ ራሷን ያማታል። ደሴ ድረስ ወስደው አስነሷት፣ ሐኪሙ «ምንም የለባትም» አለ፣ ሕመሙም ሁለት ወር ተዋት። ሲመለስባት ሌላ ክሊኒክ ወሰዷት፤ የፊተኛውን ፎቶ ሳያሳዩ። ሦስተኛውንም እንዲሁ።

«አራት ቀረን» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

«የምን አራት?»

«ሰባት ሊሞላ ነዋ! ጠበል ሰባት ቀን ሳይሞላ ይተዋል? እንዴት እንደተሻላት አላየህም?»

ለካ ማሽኑ የሚያድን መስሏቸዋል። ጤና መኮንን ወንድም እያላቸው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። ደሜ ፈላ። ፎቶዎቹን መስኮት ላይ ዘርግቼ አየሁ፤ ሦስቱም ንጹሕ።

«የኔታ፣ ይሄ ያያል እንጂ አያድንም!» አልኩ። ወንድሜም ቢሆኑ እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነው የምላቸው። «ጨረር ነው። አንዱ ብቻ መቶ የደረት ራጅ ያህላል። ልጅቱ ገና እያደገች ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ካንሰር ሆኖ ሊመጣባት ይችላል። በገዛ እጅዎ እሳት ውስጥ እየከተቷት ነው!»

እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። አደጋው ትንሽ መሆኑን፣ የሚያስፈልግበት ቀን ከመጣ ደግሞ ጥቅሙ ከአደጋው እጅግ እንደሚበልጥ አልነገርኳቸውም። ስናደድ እንዲህ ነኝ። እንዲፈሩልኝ ፈለግሁ፤ ፈሩልኝ።

በሳምንቱ የነፍስ አባታቸውን ቄስ ወልደ ገብርኤልን ጠሩ። እስከዳር ወደዚያ ማሽን ብትገባ እሷም ያስገባትም የተገዘቱ ይሁኑ ተባለ፤ ቄሱም መስቀላቸውን አንሥተው ገዘቱ። እናቷ እታገኝ «አሜን» አለች። እኔ ከሁሉ ጮክ ብዬ «አሜን» አልኩ። አራቱን አስቀረሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ እስከዳር በለስ ልታወርድ ካብ ላይ ወጥታ ወደቀች፤ ጭንቅላቷን ድንጋይ መታት። ስደርስ ትሥቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ሦስት ጊዜ አስመለሳት፤ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት። ባትሪ አብርቼ ዓይኖቿን አየሁ፤ የግራው ብሌን ከቀኙ ሰፍቷል። ጭንቅላቷ ውስጥ እየደማ ነው።

«አሁኑኑ ደሴ! አምቡላንስ ጠርቻለሁ» አልኩ።

«ምን ሊያደርጓት?» አሉ የኔታ።

«ፎቶ ተነሥታ፣ ደሙ ያለበትን ከፍተው ያፈሱላታል። ያለ ፎቶው ጭንቅላቷን የሚነካ ሐኪም የለም።»

«ያኔ እሳት ነው ብለህ፣ ዛሬ መድኃኒት ነው ትለኛለህ?»

«ያኔ አያስፈልጋትም ነበር! የሃያ ዓመት ካንሰር የሚፈራው ሃያ ዓመት ለሚኖር ሰው ነው፤ እሷ ነገን ላታይ ነው!»

የልጃቸውን ግንባር ዳሰሱ። «እሺ፣ አመንኩህ። ግዝቱንስ? ተገዝታ ብትሞት ነፍሷን ምን አደርጋታለሁ? የገዘተ ይፍታ።»

መሪጌታ እንጂ ቄስ አይደሉምና ራሳቸው ሊፈቱት አይችሉም። ሌላ ቄስ ለመንኩ፤ «የሰው ግዝት አልፈታም» አሉኝ። ቄስ ወልደ ገብርኤል ደግሞ ለእህታቸው ተዝካር ኒሯቅ ወርደዋል፤ ስልካቸው አይሠራም፣ መንገዱን ዝናብ ቆርጦታል። ጎረቤታችን ፋንታሁን በበቅሎ ተላከ። እኔ ልጅቱን አቅፌ ልወጣ ስል እታገኝ በሩ ላይ ተጋደመች። «አንተም እኮ አሜን ብለሃል!» አለችኝ።

ተሻግሬያት ማለፍ ነበረብኝ። አላለፍኩም። የተማርኩ ነኝ እላለሁ እንጂ እኔም ግዝት እፈራለሁ፤ ይኸው ተናገርኩ።

ቄሱ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ጭቃ በጭቃ ሆነው ደረሱ። ነገሩን ሲሰሙ «ለእንዲህ ያለ ቀን መች ገዘትኩ!» ብለው እያለቀሱ ፈቱ። አምቡላንሱ ተነሣ። ኩልመስክ ሳንደርስ የእስከዳር ትንፋሽ ቆመ። ደረቷን ስጫን፣ ስጫን፣ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ እጄን ያዘኝ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ የኔታ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ትከሻዬን ይዘው ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ተናገሩ።

«ይሄ ወንድሜ ባይኖር ልጄን ሰባት ጊዜ አቃጥያት ነበር። ገላዋን ከእሳት አድኖ ለአፈር ያበቃልኝ እሱ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

ግዝቱን ያመጣው ያ ግማሽ እውነቴ መሆኑን መናገር ነበረብኝ፤ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሰዉም በየተቀመጠበት መረቀኝ።